ባለ 39 አኃዙ ብቸኛ

ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ቁጥር በአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት ‹‹ብቸኛ ቁጥር›› ይባላል። ስያሜው ከሒሳቡ ይልቅ ወደ ቅኔው የሚያደላ ይመስለኛል። ከብቸኞቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይኸኛው ነው፦

170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727

127 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ የምናገኘው ነው።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን በ1644 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስንት ስንት ሁለቶች ቢባዙ በዚህ መንገድ ብቸኛ ቁጥር እንደሚገኝ እስከ 257 ድረስ ዘረዘረ። 127ንም አስገባ፤ ማረጋገጫ ግን አላኖረም። ዝርዝሩ ኋላ ሲመረመር አምስት ስሕተት ተገኘበት። 67ንና 257ን ያለ ቦታቸው አስገብቶ፣ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘልሏል። የ61ን ብቸኛነት በ1883 ያረጋገጠው ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ የገጠር ቄስ ነበር። መነኩሴው የዘለለውን ቄስ ሞላለት!

በ127 ግን መርሴን ልክ ነበር። ይህ እንዴት ይታወቃል? አካፋይ እየፈለጉ መሞከር አያዋጣም፤ በየሰከንዱ አንድ ቢሞከር እንኳ ከ400 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ በ1876 ያለ ማካፈል የሚታወቅበትን መንገድ አገኘ።

መንገዱን በታናሽ ወንድሙ በ127 ላይ እንየው፤ እርሱም ሰባት ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ነው። ከ3 እንነሣ። በራሱ አባዝተን 2 ስንቀንስ 7 ይሆናል። 7ን እንዲሁ ስናደርገው 47። ከ47 የሚገኘው 2,207 ለ127 ሲካፈል 48 ይተርፋል። ከ48 ደግሞ 16 ይተርፋል። ከ16 የሚገኘው 254 ነው፤ ለ127 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። አምስት እርምጃ ሄደን ባዶ ላይ ደረስን፤ 127 ብቸኛ ነው። ለታላቁ ቁጥር የሚያስፈልገው እርምጃ 125 ነው።

በዚያው ዓመት ሉካ የመርሴን 67 ሐሰት መሆኑንም አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አንዱንም አላገኘም። 193,707,721ን እና 761,838,257,287ን አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል ያቀረባቸው ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1903 ነው። እኔ ከክብረ ወሰኑ ይልቅ ይህንን አደንቃለሁ፦ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑ ታውቆ፣ ጓደኞቹ ሳይታወቁ 27 ዓመት መቆየቱን።

ክብረ ወሰኑም ቀላል አልነበረም። ቁጥሩ እስከ 1951 ድረስ ለ75 ዓመታት ከታወቁት ብቸኞች ሁሉ ታላቁ ነበር። በ2024 የተገኘው ከ41 ሚሊዮን በላይ አኃዞች አሉት፤ ብቸኛነቱም የተረጋገጠው ከሉካ ዘዴ በዳበረው ፈተና ነው።

2፣ 3፣ 7፣ 127፣ ከዚያም ባለ 39 አኃዙ። በዚህ ሰንሰለት እያንዳንዱ የሚገኘው በፊተኛው ልክ ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ ነው፤ ሁሉም ብቸኞች ናቸው። የሚቀጥለው ቀለበት ብቸኛ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም። በሉካ መንገድ እንፈትነው ቢባል፣ የእርምጃው ብዛት ከላይ የጻፍኩትን ቁጥር ያህላል፤ ከእርሱ ሁለት ብቻ ያነሰ።