«ራሽላኑት» ማለት ምን ማለት ነው?

በሐኪም ቤት፣ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ደጋግመን ከምንሰማቸው የዕብራይስጥ ቃላት አንዱ «ራሽላኑት» ነው። ብዙ ጊዜ «ቸልተኝነት» ተብሎ ይተረጎማል። ነገር ግን በአማርኛችን «ቸል አለው» ስንል እያየና እያወቀ ተወው ማለታችን ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን ቃሉን ሲሰሙ ሰውን በክፋት መክሰስ ይመስላቸውና «ሆን ብሎ አላደረገውም» ብለው ዝም ይላሉ።

ሆን ብሎ ማድረግ ግን «ዛዶን» ይባላል። ተራ ስህተት ደግሞ «ታዑት» ነው። «ራሽላኑት» ከሁለቱም ይለያል፦ ለመጉዳት ሳያስቡ፣ ማድረግ የሚገባን ጥንቃቄ ሳያደርጉ መቅረት ነው። የቤት ሥራውን እንደነገሩ የሚሠራ ልጅም «ራሽላን» ይባላል።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኦሪት (ዘዳግም 22፥8) አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ እንዳይሞትበት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። መከታውን ያልሠራ ሰው ለመግደል አላሰበም፤ ተጠያቂ ግን ነው።

በእስራኤል ሕግም እንዲሁ ነው። በሕክምና ላይ የሚፈጸመው «ራሽላኑት ርፉኢት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ታካሚ የሕክምና ማኅደሩን ቅጂ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ካሳ ለመጠየቅ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በአጠቃላይ 7 ዓመት ሲሆን፣ ለሕፃን የሚቆጠረው 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ስለዚህ ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ «በሰው ላይ ክፉ አልናገርም» እያለ ጊዜው እንዳያልፍበት እንመክራለን።