ሀጂን ዱራ 1፦ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ለሱዳን ያዳቀሉት ማሽላ

ካርቱም ውስጥ 'ዱራ' ማለት ማሽላ ነው። ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሲሳሳ ኪስራ ይሆናል። እንጀራ የለመደ ሰው፣ ዓይን ባያገኝበትም ኮምጣጣ ጣዕሙን ወዲያው ይለየዋል። ሲገነፋ ደግሞ አሲዳ ይባላል። በዋና ከተማዋ የስንዴ ዳቦ ከተስፋፋ ረዥም ጊዜ ቢሆነውም፣ የአገሪቱ ዋነኛ ምግብ ዛሬም ይኸው እህል ነው።

ሱዳን ብዙ ዓይነት ማሽላ አላት። ፈተሪታና ዳበር የተባሉት ነባር ዝርያዎች ከገዳሪፍ እስከ ገዚራ የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ ጎን የሚጠራው ሀጂን ዱራ 1 ግን በተመራማሪዎች እጅ የተፈጠረ ነው። 'ሀጂን' በአረብኛ ድቅል ማለት በመሆኑ፣ ስሙ 'ድቅል ማሽላ አንድ' እንደማለት ነው። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለገበሬዎች የተለቀቀ ሲሆን፣ የዓለም የምግብ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ ሲል ይገልጸዋል።

ዝርያውን ያወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ1950 ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በምትገኘው ወሎንኮሚ ተወለዱ። ለትምህርት እሁድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው፣ ዓርብ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ ወደሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አቅንተው በ1978 ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም ተቀጥረው ሱዳን ገቡ። የአገሪቱ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለችው ዋድ መዳኒ ነው።

የማሽላ አበባ ወንዴና ሴቴ አካሉን በአንድ ላይ የያዘ ስለሆነ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አንድ ራስ ማሽላ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች አሉት። የእያንዳንዱን ወንዴ አካል በእጅ እየለቀሙ ለአንድ አገር ማሳ የሚበቃ ድቅል ዘር ማምረት የማይታሰብ ነው። መፍትሔው የመጣው በ1954 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ስቲቨንስና ሆላንድ፣ ሁለት የማሽላ ዓይነቶችን በማዳቀል ወንዴ ዘሩ መካን የሆነ ማሽላ ማግኘታቸውን ይፋ ሲያደርጉ ነው። እንዲህ ያለው ማሽላ ፍሬ የሚይዘው ከሌላ ተክል የአበባ ዱቄት ሲነፍስበት ብቻ ነው።

የሀጂን ዱራ 1 እናት፣ ቲኤክስ 623 ኤ፣ ከቴክሳስ የተገኘች እንዲህ ያለች መካን ዝርያ ናት። አባቱ ደግሞ ኬ 1597 ይባላል። እዚህ ላይ ለእኛ አካባቢ አንባቢ ሊያልፉት የማይገባ ነገር አለ። 'የአሜሪካ' የምትባለው እናት ከወላጆቿ በአንዱ በኩል ከዘራዘራ ማሽላ ትወለዳለች። ዘራዘራ የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር አካባቢ ማሽላ ነው። ቴክሳስ ደርሶ የተመለሰው ዘር መነሻው እዚሁ ነበር ማለት ነው። በ2009 'ኔቸር' በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የታተመው የማሽላ ሙሉ የዘረመል ካርታ የተነበበውም ከዚህችው ዝርያ እህት፣ ከቲኤክስ 623 ቢ ነው።

ሀጂን ዱራ 1 ፍሬው ነጭ ነው፤ ቁመቱም ከረጃጅሞቹ ነባር ማሽላዎች ያጥራል። ዋነኛ መለያው ዝናብ ሲያጥር የሚያሳየው ጽናትና የምርቱ ብዛት ነው። በሙከራ ማሳዎች ላይ ከነባሮቹ ከ50 እስከ 100 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። በኋላ ገበሬዎች ማሳ ላይ ብልጫው ከ150 በመቶ በላይ መድረሱን የሽልማት ድርጅቱ ይገልጻል። ይህ ግን በየትኛውም መሬት የሚደገም ቁጥር ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ድቅል ዘር አቅሙን የሚያሳየው ማዳበሪያና ውሃ ሲያገኝ ነው፤ የገዚራ የመስኖ እርሻም ይህን ይሰጠው ነበር። የፍሬው ጥራትም ለስርጭቱ አግዟል። ለኪስራ የማይመች ማሽላ ምንም ያህል ቢያፈራ በሱዳን ቤት ቦታ አይኖረውም። እስከ 1999 ድረስ በዚህ ዘር የተሸፈነው መሬት አንድ ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 400 ሺህ ሄክታር ያህል ደርሷል።

ደካማ ጎኑ ከዚያው ከድቅልነቱ ይመነጫል። ገበሬው ከአውድማው ዘር አስቀርቶ በቀጣዩ ክረምት ቢዘራ፣ የሚበቅለው ያው ማሽላ አይሆንም። አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ፍሬ የማይዝም ይገኝበታል። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ግድ ይላል፤ ለዚያ ደግሞ ዘሩን በየዓመቱ የሚያመርት ተቋም መኖር አለበት።

ድርቅን የቻለው ማሽላ ለአቀንጭራ መፍትሔ አልሆነም። ሱዳናውያን ይህን ጥገኛ አረም 'ቡዳ' ይሉታል፤ ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። አቀንጭራ የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል 'ሲያሸት' ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ወደ ፐርዱ ከተመለሱ በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ ማሽላዎችን አወጡ። በኢትዮጵያ ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን በሚል ስም የተለቀቁት ከዚሁ ሥራ የተገኙ ናቸው። እነዚህ ድቅል ስላልሆኑ ገበሬው ዘራቸውን ከራሱ ማሳ ማስቀረት ይችላል። በእኔ እይታ፣ የዘር ገበያ ላልደረሰበት ገበሬ ይህ ልዩነት ከምርት ብልጫ ባልተናነሰ ያመዝናል። ሳይንቲስቱ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት በሁለቱም ሥራዎች ነው።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዋድ መዳኒ ደረሰ። ከተማዋ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወድቃ የሱዳን ጦር መልሶ የያዛት በጥር 2025 ነው። በዚያ የሚገኘው የአገሪቱ የዘር ባንክ ተዘርፏል። በየካቲት 2025 በኖርዌይ ስቫልባርድ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ከሱዳን በአደራ ከተሰጡት ዘሮች መካከል ማሽላ ይገኝበታል።

ነባር ዝርያዎች እንዲህ በከረጢት ተቀምጠው ሊቆዩ ይችላሉ። ለድቅል ማሽላ ግን የወላጆቹ ዘር መትረፍ ብቻውን አይበቃም። መካኗ እናት በራሷ ስለማትራባ በመጀመሪያው ወቅት ከእህቷ ከቲኤክስ 623 ቢ ጋር ጎን ለጎን ተዘርታ ትበዛለች። በሁለተኛው ወቅት ከአባትየው ጋር በተለያየ መስመር ትዘራለች፤ ማሳው ከሌላ ማሽላ የራቀ፣ የሁለቱ ማበቢያ ጊዜም የገጠመ መሆን ይኖርበታል። ገበሬው እጅ የሚገባው ከዚህ የተሰበሰበው ዘር ነው፤ ይኸውም ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው የዘር ወቅት ማለት ነው።