ብሉቱዝ ስፒከር ልትገዙ ነው? ካርቶኑን አትመኑ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የኛዋ ዴራ ከአሰላ ይልቅ ሞቃት ናት፤ አቧራዋም አይጣል ነው። ስፒከር ስትመርጡ ሁለቱንም አስቡ። ከሁሉ በፊት ግን ኪስ የሚያራቁተው ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

መዳፍ በምታክል ስፒከር ላይ «50 ዋት» ተጽፎ ካያችሁ ጠርጥሩ። ኦሪጅናሉ ጄቢኤል ጎ 3 እንኳን ጉልበቱ 4.2 ዋት ብቻ ነው፤ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ የሚሰራውም ፋብሪካው እንደሚለው እስከ 5 ሰዓት ነው። የሚሞሪ ማስገቢያም ሆነ ኤፍኤም ሬዲዮ የለውም። ሻጩ «ጎ 3 ነው፣ ሚሞሪም ይቀበላል» ካላችሁ በቃ፣ ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ሁሉ አይሰራም ማለቴ አይደለም፤ ብቻ የኦሪጅናል ዋጋ አትክፈሉበት።

እዛው ሱቁ ውስጥ ከራሳችሁ ስልክ ጋር አገናኙትና በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨምሩት። ከተንጫጫ ወይም ቤዙ ከተንኮሻኮሸ ተዉት። ቻርጅ መቀበሉንም ሰክታችሁ እዩ።

«አይፒ67» የሚል ካለ 6ቷ አቧራ አያስገባም፣ 7ቷ ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። «አይፒኤክስ7» ከሆነ ግን ስለ አቧራ ምንም ዋስትና አልሰጣችሁም። ለዴራ የመጀመሪያው ይሻላል።

ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ፀሐይ ላይ ወይም የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ከረጠበም ሳይደርቅ ቻርጅ አታድርጉት።

አልገናኝ ካለ ከሌላ ስልክ ጋር ተገናኝቶ ይሆናል፤ የዛኛውን ብሉቱዝ አጥፉ። ታናሽ ወንድም ያላችሁ ከሱ ስልክ ጀምሩ።