በጎንደር ሰማይ ስለ ወደቀው ጠላት

በ1934 ዓመተ ምሕረት በወርኃ ጥቅምት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ከተመለሱ ወራት አልፈው ነበር፤ ጎንደር ግን ገና በጣሊያናዊው ጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። ያ የጎንደር ደጋ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ሆኖ ቀረ፤ ሀገሩን ሁሉ ሲያሸብር ከኖረው አየር ኃይልም የተረፉት ፊያት የተባሉ ጥቂት ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን ጣሊያናዊው አብራሪ ኢልደብራንዶ ማላቮልቲ በአንዷ ተነሣ። ግላዲያተር የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖችም ገጠሙት፤ ሆፕ የተባለው መኮንን መትቶ ጣለው፤ ማላቮልቲም በዚያው ሞተ። ከዚህ በኋላ ሆፕ በጠላቱ ምሽግ ላይ በርሮ ወረቀት ጣለ፤ ቃሉም የፊያቱ አብራሪ ጀግና እንደ ነበረ የሚመሰክር ነበር። ኅዳር 18 ቀን ናሲ እጁን ሰጠ።

ይህን ምስክርነት ከሜዳልያ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ ሟቹን ያመሰገነው ገዳዩ ነውና። ድል አድራጊ የተሸናፊውን ጀግንነት የሚያጎላው የራሱን ድል ሊያገንን ነው የሚል ይኖራል። እንዲያ ቢሆን ለጓዶቹ ባወራ በበቃው ነበር፤ እሱ ግን የጻፈው ሟቹን ለሚያውቁት፣ መድፋቸውን ወደ ሰማይ ለደገኑት ሰዎች ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የእኛው ነው። ማላቮልቲ ያገለገለው በሕዝባችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነበውን፣ በ1931 ዓመተ ምሕረት በመንዝ ዘረት ዋሻ የተጠለሉትን በመርዝ የፈጀውን መንግሥት ነው። ያለ አንዲት አውሮፕላን አምስት ዓመት የታገሉት የበጌምድር አርበኞች እያሉ ስለ እሱ ቀለም ማፍሰስ ለምን? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ድፍረቱ የቆመለትን ዓላማ ከቶ አያነጻም፣ የአርበኞቹም ስም ከስሙ አስቀድሞ መጻፍ ይገባዋል። ነገር ግን የጠላቱን ድፍረት የሚደብቅ ጸሐፊ፣ የጠላቱን ግፍ በጻፈ ጊዜ ማን ያምነዋል? ለእኛ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓመተ ምሕረት በጄኔቭ ስለ መርዙ ቆመው የተናገሩትን የጣሊያን መንግሥት በይፋ ያመነው ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1988 ዓመተ ምሕረት ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የአበሻ ወሬ ነው እየተባለ ምስክሮቹ አንድ በአንድ አልቀዋል።