የሺህ ዶላሩ ብርድ ልብስ

ስሙማ፤ የአንድ ብርድ ልብስ ታሪክ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች 1933፣ በእኛ 1925 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ ክፉ ቀን ወጥቶባታል። ባንኮች ይዘጋሉ፣ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ሆኗል። ቺካጎ ግን የተመሠረተችበትን መቶኛ ዓመት ሳላከብር አልቀርም ብላ «የዕድገት ምዕተ ዓመት» የተሰኘ የዓለም ኤግዚቢሽን ደግሳለች። ሲርስ ሮባክ የሚባለው፣ በካታሎግም በመደብርም የማይሸጠው ዕቃ ያልነበረው ታላቅ የንግድ ድርጅት፣ ይህንኑ ኤግዚቢሽን ምክንያት አድርጎ በጥር ወር ለመላው አገር አዋጅ አወጣ፤ ኩዊልት የሰፋችሁ አምጡና ተወዳደሩ አለ።

ኩዊልት ስል ድሪቶ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ድርብ የአልጋ ልብስ ነው። ላዩ ከትንንሽ ቁርጥራጭ ጨርቅ በንድፍ የተገጣጠመ ገጽ ነው፣ መሃሉ ጥጥ፣ ታቹ ገበር። ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚይዛቸው ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ደቃቅ የእጅ ስፌት ነው። እጇ የተፍታታ ሰፊ በአንድ ኢንች ውስጥ 10 እና 12 ስፌት ትጥላለች። አንድ ኢንች ደግሞ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የአልጋውን ስፋት እናንተው አስቡት።

የሽልማቱ ድምር 7,500 ዶላር ሆነ። ለአንደኛዋ 1,000 ዶላር ተመደበላት። የአሸናፊዋ ሥራ የኤግዚቢሽኑን መንፈስ የሚገልጽ አዲስ ንድፍ ከሆነ ደግሞ 200 ዶላር ይጨመርላታል ተባለ። በዚያ የረሃብ ዘመን ይህ ገንዘብ ቤተሰብ ያቆማል። ማስረከቢያው እንደ ፈረንጆች ሜይ 15 ስለ ነበር የተሰጠው ጊዜ ከአራት ወር ብዙም አይበልጥም። አንዳንዷ ከሣጥን ያስቀመጠችውን አወጣች፣ አንዳንዷ በፋኖስ ብርሃን ስትሰፋ አደረች። ቀኑ ሲደርስ ከ24,000 በላይ ኩዊልት ገባ።

ዳኝነቱ በየእርከኑ ነበር። መጀመሪያ በአካባቢው መደብር፣ ቀጥሎ በክልል ደረጃ፣ በመጨረሻም ቺካጎ። እዚያ የደረሱት 30 ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ ተጠቅልሎ ወደየቤቱ ተመለሰ።

አንደኛ የወጣው ከኬንታኪ ግዛት፣ ከሌክሲንግተን ከተማ የመጣ ነው። በአረንጓዴ ጨርቅ የተሠሩ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች አሉት። በኮከቦቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ስፌቱ ጥጥ እየተጠቀጠቀበት ተነፍቷል፤ እጅ ሲዳብሰው ጉብ ጉብ ይላል። የኤግዚቢሽኑን ጭብጥ ብለው ባቡርና ፎቅ፣ አውሮፕላንና መብራት በጨርቅ የሠሩት ሴቶች አዝነዋል፤ 200 ዶላሩን የወሰደ የለም። ዳኞቹ ከአዲስ ሐሳብ ይልቅ የተፈተነውን ንድፍና የጠራውን ስፌት መረጡ። በዚህ እኔም ከሴቶቹ ጋር አዝናለሁ። ጭብጥ ስጡን ብሎ ጠይቆ፣ ጭብጥ ይዞ የመጣውን ወደ ኋላ መተው ተወዳዳሪን ማደናገር ነው።

ሽልማቱን የተቀበለችው ማርጋሬት ሮጀርስ ኬደን ነበረች። ኩዊልቱም ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሊኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። ከዚያ ወዲያ የት እንደ ገባ አልታወቀም።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ውድድሩ የሚፈልገው የተወዳዳሪዋን የራሷን ሥራ ነበር። ኬደን ግን በዚያ ኩዊልት ላይ አንድ ስፌት እንኳ አልጣለችም። የሰፉት ለእጃቸው ዋጋ የተቀበሉ ሌሎች የኬንታኪ ሴቶች ናቸው። ከ1,000 ዶላሩም አላካፈለቻቸውም። ሴቶቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ ግን ዘመኑ ሥራ የሰጠ ሰው የሚከሰስበት አልነበረም። ነገሩ በየቤተሰባቸው ውስጥ እየተወራ ኖረ። በኋላ ሜሪኬይ ዋልድቮጌልና ባርባራ ብራክማን የተባሉ ሁለት የኩዊልት ታሪክ አጥኚዎች ያንን ውድድር መረመሩና እንደ ፈረንጆች በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ አደባባይ አወጡት። ስድሳ ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዳኞቹ ያንን ስፌት አይተው ተደንቀዋል። አድናቆቱ ግን የደረሰው መርፌ ላልጨበጠች ሴት ነው። የሰፉት ሴቶች ሥራቸው ከመላው አሜሪካ እንደ በለጠ ሰምተው፣ ጎበዝ የተባለው እጅ የእኔ ነው ለማለት አልቻሉም።

እስቲ ከዚያ ዘመን ወደ እኛ ዘመን እንሻገር፤ ከኬንታኪ ግን አንወጣም። ፓዱካ በምትባል በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ እንደ ፈረንጆች በ1984 የአሜሪካ የኩዊልት ሰፊዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት ትልቁን ትርኢቱን ጀመረ። በ1991 ደግሞ እዚያው ሙዚየም ተከፈተ። ዛሬ በእንዲህ ያሉ ትርኢቶች ለመግባት መጀመሪያ ፎቶግራፍ ይላካል፤ የተመረጠው ብቻ ይጠራል። ቅጹ ማን ገጹን እንደ ገጣጠመ፣ ማን ድርቡን እንደ ሰፋ ይጠይቃል። ሁለት ሰው ወይም ቡድን የሠራው በራሱ ምድብ ይገባል።

የዳኝነቱን ክፍል ብታዩት ደስ ይላችኋል። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ረዳቶች ኩዊልቱን በጠርዙ ይዘው ያነሡታል። ዳኞቹ የማን እንደ ሆነ አይነገራቸውም። ከሩቅ ያዩታል፣ ቀርበው ያዩታል፣ ገልብጠው ገበሩን ያዩታል። የሚሉትን አንድ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ይከትባል። ያ ወረቀት በብዙ ትርኢቶች ከኩዊልቱ ጋር ወደ ሠሪዋ ይመለሳል።

ወረቀቱ ላይ ከሚጻፈው ልንገራችሁ። «ጠርዙ ባዶ ነው» ይላል አንዱ። ጠርዙን የሚጠቀልለው ጨርቅ እስከ ጫፉ ድረስ በጥጥ ካልሞላ ታጥፎ ይቀራል ማለት ነው። ብርድ ልብስ ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው በጠርዙ ነው፤ ባዶው ጨርቅ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይበላል። «የኮከቡ ጫፍ ተቆርጧል» ይላል ሌላው። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ለስፌት የሚተወው ሩብ ኢንች ነው። ከዚያ ላይ የክር ውፍረት ያህል ብትስት በአንዱ ስፌት አይታወቅም፤ በሃምሳው ላይ ተጠራቅሞ ግን የኮከቡን ጫፍ ይውጠዋል፣ የልብሱንም ማዕዘን ያጣምማል። «ስፌቱ መሃል ላይ ደቃቅ፣ ዳር ላይ ሰፋፊ ነው» ይላል ሦስተኛው። ያንን ያነበበች ሴት ዳሩ ላይ ስትደርስ ደክማ እንደ ነበር ወዲያው ታስታውሳለች። ዳኛው ሳያያት ድካሟን አይቶታል።

መጀመሪያ ሲነበብ ያማል፤ አያምም ያለ አልሰፋም። ዓመት የለፋችበትን ሥራ በሦስት መስመር ነቅፎ የሚመልስ ወረቀት ማን ይወዳል? ሁሉም አስተያየት ደግሞ እኩል አይደለም። «ቀለሙ ደስ አይልም» የሚል ዳኛ ስለ ራሱ ዓይን ነገራት እንጂ ስለ ሥራዋ አልነገራትም፤ ያንን ትለፈው። «ጠርዙን ሙዪው» የሚላት ግን ነገ የምትሠራውን አስተማራት። ለአሸናፊ ከሚሰጠው ሪባንና ከወረቀቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ወረቀቱን ነው የምመርጠው። ሪባኑ ከማን እንደ በለጠች ይነግራታል። በምን ልትሻል እንደምትችል የሚነግራት ወረቀቱ ነው።

ይህን ሁሉ የማወጋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ጋ የእጅ ሥራ ባዛርና ውድድር ይዘጋጃል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ተሰቅሎ ዓይን የሚስበው ጥበብ ስንቱ በሸማኔው ስም ይሸጣል? እናንተ አዘጋጆች፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። በቅጻችሁ ላይ «ማን ሠራው?» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ፈታዩንም፣ ሸማኔውንም፣ ጠላፊዋንም ጻፉ። ላልተሸለሙትም ዳኛው ያየውን በሦስት መስመር ከትባችሁ በእጃቸው ስጧቸው።