የማይቀለበስ ኤሌክትሮፖሬሽን (ለፕሮስቴት ካንሰር)

የማይቀለበስ ኤሌክትሮፖሬሽን እጅግ አጫጭር በሆኑ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ምቶች የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል ሕክምና ነው። ፕሮስቴትን በሙሉ ከማውጣት ይልቅ የታመመውን ክፍል ብቻ ለይተው ከሚያክሙ ዘዴዎች ይመደባል።

አሠራር፦ ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣና ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ አለዚያ ምቱ ሰውነቱን ያንፈራግጠዋል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ፣ በቆለጥ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ቀጫጭን መርፌዎችን በካንሰሩ ዙሪያ ይተክላል። በመርፌዎቹ መካከል እስከ 3,000 ቮልት የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ማይክሮ ሰከንድ የማይበልጡ ምቶች ከልብ ምት ጋር ተናበው ይለቀቃሉ። የሕዋሱ ሽፋን ይበሳሳል፤ ቀዳዳዎቹ መልሰው ስለማይደፈኑ ሕዋሱ ይሞታል። ጉዳቱ በዋናነት ከሙቀት የሚመጣ ባለመሆኑ የደም ሥሮች፣ የነርቮችና የሽንት ቧንቧ መዋቅር በአብዛኛው ይተርፋል።

ታሪክ፦ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ዳቫሎስ፣ ሚር እና ሩቢንስኪ ምቶቹ ሙቀት ሳያበዙ ሰፊ የሕብረ ሕዋስ ክፍል ሊያጠፉ እንደሚችሉ በስሌት አሳዩ። እነዚህን ምቶች የሚለቀውን ናኖናይፍ የተባለ መሣሪያ ለፕሮስቴት እንዲውል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዲሴምበር 2024 ፈቀደ።

አጠቃቀም፦ ከፕሮስቴት ላልወጣና በኤምአርአይና በናሙና ምርመራ ቦታው በትክክል ለተለየ ካንሰር የታሰበ ነው፤ ወደ አጥንት ለተሠራጨ አይሆንም። ከሕክምናው በኋላ ሽንት የሚያስወጣ ቱቦ (ካቴተር) ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ስንፈተ ወሲብ ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ባልታከመው ክፍል ካንሰር ሊነሣ ስለሚችል የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ፕሮቲን የደም ምርመራ)፣ የኤምአርአይና የናሙና ክትትል ግድ ነው።