መሀል ላይ ያለው



ባለፈው ክረምት ከጋሸና ወልድያ ወርጄ፣ ካርዴን የሌላ ባንክ ኤቲኤም ውስጥ ከተትኩ። 2000 ብር ጠየቅሁት። ማሽኑ ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ ካርዴን መለሰ፤ ብሩ ግን የለም። ስልኬ ደግሞ «2000 ብር ተቀንሷል» አለኝ። እስኪመለስልኝ 11 ቀን ፈጀ። የመምህር ደመወዝ ለሚያውቅ 11 ቀን ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ጥፋቱን በማንም ላይ አልለጥፍም። ግን ነገሩን ሳገላብጥ እንደልማዴ ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር የተዘረጋው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። አውቶማቲክ ስልክ እስኪመጣ ድረስ መሀል ላይ ሰው ነበር፤ ኦፕሬተር። ደዋዩ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ኦፕሬተሩ ገመዱን ይሰካል። አንዱ መስመር ሲበላሽ ምሰሶ የሚነቅል የለም፤ ገመዱ በሌላ በኩል ይሰካል፣ አለቀ።

ባንኮቻችንም መጀመሪያ ላይ መሀል የሚቆም አልነበራቸውም። የአንዱ ካርድ በሌላው ማሽን አይሠራም ነበር። ባንኮቹ ከብሔራዊ ባንክ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትስዊችን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤቲኤሞቹ እርስ በርስ ተገናኙ። ዛሬ ገመዱን የሚሰካው ሶፍትዌር ነው። የካርዱን የመጀመሪያ አሃዞች አይቶ የየትኛው ባንክ እንደሆነ ይለያል፣ ጥያቄውን ወደዚያ ይልካል፣ መልሱን ይመልሳል።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ሲሠራ ሁሉም ነገር አይታሸግም። አንዳንዱ ቁጥር ለአስተዳዳሪው ክፍት ይተዋል፦ መልእክቱ ወዴት ይሂድ? መልስ ስንት ሰከንድ ይጠበቅ? ካልተሳካ ስንት ጊዜ ይሞከር? ፕሮግራሙን እንደገና ሳይጽፍ ይቀይረዋል። ልክ እንደ ኦፕሬተሩ ገመድ።

ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ለምሳሌ ማሽኑ 30 ሰከንድ እንዲጠብቅ ተደርጎ የባንኩ መልስ በ40ኛው ቢደርስ፣ ባንኩ ቀንሷል፣ ማሽኑ ግን ተስፋ ቆርጧል። ያኔ «መልስለት» የሚል መልእክት መላክ አለበት። እሱም መንገድ ላይ ከቀረ፣ ሰው ቁጭ ብሎ መዝገብ ከመዝገብ እስኪያስተያይ እኛ እንጠብቃለን። ስለዚህ ደጅ ያለው ከውስጠኛው የበለጠ መታገሥ አለበት፤ አንዱ ወገን ብቻውን ቁጥሩን ቢቀይር ሚዛኑ ይፈርሳል።

የድሮው ኦፕሬተር ሲሳሳት ድምፁን እንሰማው ነበር፤ «ኧረ ተሳስተሃል!» እንለው ነበር። የዛሬው መሀል ላይ ያለው አይታይም፣ አይሰማም። ስለዚህ ማን ቀየረው፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት የሚለው መጻፍ አለበት። ቀድሞም ይሞከር፤ ካልሆነም ወደ ነበረበት ይመለስ። ይህ የቴክኒክ ቅንጦት አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው።

አይቲ የገባችሁ ተማሪዎቼ፣ አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጡ ይሆናል። አንዲት ቁጥር ስትነኩ ወልድያ ኤቲኤም ፊት ባዶ እጁን የቆመውን መምህራችሁን አስቡት።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ ደረሰኝ አትጣሉ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ በቶሎ ለባንካችሁ አመልክቱ። የደረሰባችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ።